የተራ ቁጥር አሥራ አንድ ነገር

ሰውዬውን ሰፈሩ «ልክ በልክ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የምርጫ ወረቀቱ ብቻ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ጎን ባለች፣ በሯ ሲከፈት እንደታመመ ሰው በምታቃስት ሱቅ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል፣ መርፌውን በከንፈሩ ጥግ ያዝ ያደርግና «ልክ በልክ ነው፤ አይስፋ፣ አይጥበብ» ይላል። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ሌላው ልብስ ሰፊ ደንበኛ እንዳይቀየመው «አይ፣ ጨርቁ ነው የተሰበሰበው» እያለ ያባብላል። እሱ ግን ፊት ለፊት ነው፤ «ወገብዎ በአራት ጣት ጨምሯል፣ እመቤቴ» ብሎ ቁጭ። የዳኛው ሚስት አንዴ በዚህ ተቆጥታ ሌላ ጋ ሄዳ ነበር። በሳምንቷ ተመለሰች። ሌላው ጋ ያሰፋችው ቀሚስ ልትቀመጥ ስትል ተተረተረባት አሉ፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት።

እንግዲህ ምክር ቤት የገባው በዚሁ አፉ ነው። ሰው «በወገባችን ያልዋሸን በሌላውም አይዋሸንም» አለ። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን ያስመረጠችው እህቱ ናት። ታላቅ እህቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ በእጇ ተቀብላለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። «እታለም» ይላታል እስከ ዛሬ። በምርጫው ጊዜ ነጭ ካባዋን እንደለበሰች ከበር በር እየዞረች «ወንድሜን ምረጡ» አለች። እንዲህ ያለችን ሴት ማን እንቢ ይላል? ግማሹን ሰው ራቁቱን አይታዋለች። ተመረጠ።

ምክር ቤት ገብቶ ምን ሠራ ያላችሁ እንደሆነ፣ ቁልፍ ተከለ። የኮት ቁልፍ ነው የምላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት የተከበሩ አባል የእጅጌያቸው ስፌት ተፈትቶ ሲጨነቁ አየና ከኪሱ መርፌና ክር አውጥቶ፣ እንዳሉ፣ ወንበራቸው ላይ፣ አንድ ሁለት ብሎ ገጠመላቸው። በቃ፣ ወሬው ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሰላም የማይሉት ሁሉ ሰላም አሉት። «የተከበሩ ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን አንዴ» እያሉ የኋላ ወንበሩን ደጅ ጠኑት። እሱም፣ መቼም ሰው ነው፣ ደስ አለው። ትልልቅ ሰዎች ስሙን አወቁ፤ ሻይ ሲጠጡ ጠጋ በል አሉት። አራት ወር በፈጀው ጉባኤ የተናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ሙቀቱ ሲበዛ «መስኮቱ ይከፈትልን» ብሎ። ይኼ በሬዲዮ ተላልፎ ኖሮ፣ ከሱቁ አጠገብ ያለው ፀጉር ቆራጭ፣ ያ የሰው ድምፅ የሚቀዳው፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ «መስኮቱ ይከፈትልን» እያለ ወሩን ሙሉ በላበት።

አሁን ወደ ነገሩ እንምጣ።

በዚያ ምክር ቤት አንድ ልማድ አለ። የቦታ ዝርዝር ሲነበብ የዚያ ቦታ ተወካይ ብድግ ብሎ «ይቺ ትቆይልን» ካለ ማንም አይከራከረውም፤ ቦታዋ ከዝርዝሩ ትወጣለች። ነገ በየተራው የራሱ ቦታ መነበቡ አይቀርም፣ ስለዚህ ሁሉም ዝም ይላል። ተወካዩ ካልተነሳ ግን አለቀ ደቀቀ። ይህን ነባሮቹ አባላት የነገሩት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ «ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን እንዳትረሳ» ብለው።

ጉባኤው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው «የጤና አገልግሎት አደረጃጀት ማሻሻያ» የሚባል አዋጅ መጣ። ስሙን ሲሰሙት ደህና ነው፤ ከኋላው ግን አባሪ የሚባል ነገር ነበረው፤ የሚዘጉ ማዋለጃ ክፍሎች ዝርዝር። እነሱ ተዘግተው እናቶች ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይሂዱ ነው ነገሩ። ንባቡ ሲጀመር የልክ በልክ የወንበር ጎረቤት፣ የግብርና ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን ፊት ሊናገር ነበርና ኮቱን ሲቆልፍ የመሀል ቁልፉ እጁ ላይ ቀረ። ሆድ ደግሞ አለው። ኮቱን አውልቆ በጠረጴዛው ሥር አቀበለው፤ «ነፍሴን አውጣት» አለው በሹክሹክታ።

ልክ በልክ አቀርቅሮ ሰፋ። ከላይ ንባቡ እንደ ዝናብ ድምፅ ይወርዳል። በአራተኛው ላይ አንዱ ተነሳ፤ ቆየችለት። በሰባተኛውም አንዷ ተነሱ። በዘጠነኛውም ሌላው። «ተራ ቁጥር አሥራ አንድ» ተብሎ የገዛ ሰፈሩ ስም ሲነበብ እሱ የመጨረሻውን ክር በጥርሱ ይዞ እየቆረጠ ነበር። «ተቃውሞ?» አሉ አፈ ጉባኤው። «የለም። ቀጥል።»

ከፊቱ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው «የእናንተ አይደለም እንዴ?» ባሉት ጊዜ ክሩ ገና ከንፈሩ ላይ ነበር። ተነሳ። አንባቢው አሥራ ሰባት ላይ ደርሷል። «አልፈናል፣ የተከበሩ» አሉት አፈ ጉባኤው፤ ቁጣ እንኳ የላቸውም። ሰብሳቢው ኮቱን ለብሶ፣ ቆልፎ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወደ መናገሪያው ሄደ። ቁልፉ ልክ ነበር። ልክ በልክ።

ጉባኤው ሐሙስ ተዘጋ። ሲወጣ የምክር ቤቱን ጸሐፊ ጥግ አስይዞ ጠየቃት። መንገድ አለው አለችው፤ ጉባኤው በተዘጋ በሠላሳ ቀን ውስጥ የቦታው ሰው ስድስት መቶ ፊርማ ካስገባ ክፍሉ እስከሚቀጥለው ጉባኤ ይቆያል። «ግን ሕዝቡ ራሱ ነው እንጂ እርስዎ ማመልከት አይችሉም» አለችው። ከዚያ አራት ገጽ ወረቀት ሰጠችው፤ የጉባኤው ማጠቃለያ፣ ለመራጮች የሚነበብ። ለሁሉም አባል የተዘጋጀው አንድ ዓይነት ነው፤ የቦታው ስም የሚገባበት ብቻ ነጠብጣብ ተደርጓል። ተሰፍቶ ተሰቅሎ እንደሚሸጥ ሱሪ፣ ማንም ያጥልቀው ማንም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅበት ነበር። አሁን ግን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወደ ቤቱ ተመለሰ። አርብ አልተናገረም። ቅዳሜ አልተናገረም። ለራሱ «ሪፖርቱ ቀን እነግራቸዋለሁ፣ ባንድ አፍ» አለ። በሆዱ ግን ሌላ ሰው ሆኖ «ማን ያውቃል? መዝጊያውን ደብዳቤ ጤና ቢሮው ነው የሚልከው፤ ያኔ እኔም ከሰው እኩል እገረማለሁ» ይላል። ይህችን ሐሳብ ሲያገኛት ቀለል አለው።

ማክሰኞ እህቱ ሱቁ መጣች። ብብቷ ሥር አረንጓዴ ጨርቅ ይዛለች፣ ስምንት ሜትር። በሯ አቃሰተች፣ እሱም አብሮ።

«የማዋለጃው መጋረጃ አርጅቶ ብርሃን ያስገባል» አለችው። «እናቶቹ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈው ሁሉ የሚያያቸው ይመስላቸዋል። አንተ ስፋልኝ፣ ለሌላ አልሰጥም።»

ከዚያ ተቀምጣ የባጥ የቆጡን አወራችው። አዲስ አልጋ ጠይቃለች። ግድግዳውን ራሷ ቀለም ልትቀባው አስባለች። በዚህ ወር ብቻ አሥራ ዘጠኝ ወልደዋል፣ አንዷ መንታ። እሱ ሜትሩን አውጥቶ ጨርቁን ይለካል፤ የለካውን ይረሳና እንደገና ይለካል። «ምን ሆነሃል? ገረጣህ፤ የምክር ቤት ምግብ አልተስማማህም?» አለችው። «ደክሞኝ ነው፣ እታለም» አላት። ግንባሩን በመዳፏ ነካችው፣ ትኩሳት እንዳለው ለማየት። እዚያ ላይ ሊነግራት ነበር። አፉን ከፈተ። «ለሐሙስ ይደርሳል» ብሎ ዘጋው።

መጋረጃውን ሰፋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሰፋ ጠርዝ ጠምሞበት አያውቅም፤ ጠመመበት። ተረተረው። ደግሞ ሰፋው፣ ደግሞ ጠመመ። ሚስቱ ምሳ ይዛለት መጥታ የተተረተረውን ክር መሬት ላይ እንደ ሣር ተጎዝጉዞ አየችና ቆመች። ሚስቱ ብዙ የምታወራ ሴት አይደለችም፤ እሱን ካገባች ወዲህ ተራ ደርሷት አያውቅም ይላሉ ጎረቤቶች። ሳህኑን አስቀምጣ «ማን ሞተ?» አለችው። ነገራት። ኮቱን፣ ቁልፉን፣ «የለም፣ ቀጥል»ን፣ ሠላሳ ቀኑን፣ ሁሉንም። ሰምታ ሰምታ ስታበቃ ክሩን ከመሬት ለቃቀመች።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለችው። «የኔ ማኅፀን ሥራውን ጨርሷል። ሄደህ ለምትወልደው ንገር።»

ሐሙስ መጋረጃውን ለእህቱ ሰጣት። አገላብጣ አይታ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችና «እንዳንተ የሚሰፋ የለም» አለችው። ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ምንም አይደል» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉባኤው በተዘጋ በዘጠነኛው ቀን፣ ሰው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ወንበሮቹ የአንደኛ ክፍል ናቸው፤ ትልልቁ ሰው ሁሉ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። የፈራሚ ወረቀት በር ላይ አለ፣ ማን እንደመጣ የሚጻፍበት። እህቱ ከፊት ናት፣ ካባዋን እንደለበሰች፤ ከሌሊት ተራዋ በቀጥታ መምጣቷ ነው። ፀጉር ቆራጩ መሀል ላይ ተሰይሟል፤ ልክ በልክ ሲገባ «መስኮቱ ይከፈትልን» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። መስኮቱን ከፈቱት።

ማንበብ ጀመረ። «የተከበራችሁ መራጮቻችን፣ በተጠናቀቀው ጉባኤ አሥራ አራት አዋጆች ጸድቀዋል…» የራሱ ድምፅ የሌላ ሰው ሆነበት። መንገዱን አነበበ። የትምህርት ቤቱን አነበበ። የውሃውን አነበበ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «የጤና አገልግሎት አደረጃጀትን የሚያሻሽል አዋጅ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚል አለ። እሷን መስመር ልክ እንደ ምክር ቤቱ አንባቢ ሳይቆም፣ ሳይተነፍስ አለፋት።

ሰው አጨበጨበ። ጤና ሲባል፣ ማሻሻል ሲባል፣ ማን አያጨበጭብም? ከሁሉ በፊት ያጨበጨበችው እህቱ ናት። እጇን ከፍ አድርጋ፣ ዞር ብላ ከኋላዋ ላሉት ሴቶች «አያችሁ?» የምትል ይመስል እየሳቀች። ሃያ ስድስት ዓመት በሳሙና የታጠበ እጅ ነው፣ ቆዳው ወረቀት የሆነ። ያ ጭብጨባ ነው ልክ በልክን የጨረሰው። ከስድብ ይብሳል።

አራተኛው ገጽ ላይ ቆመ። ቢገልጠው ያበቃለታል፤ የቀረው ምስጋና ብቻ ነው። ወዲያው ፀጉር ቆራጩ፣ ለሱ መቼም ሁሉ ነገር ጨዋታ ነው፣ እጁን አወጣ። «የተከበሩ ጎረቤቴ፣ ይኼ አደረጃጀት የሚሉት ነገር ለእኛ ሰፈር ምን ይዞልን መጣ?»

«በጥናት ላይ ነው» ማለት ይችል ነበር። ቃሏ ተዘጋጅታ ምላሱ ላይ ነበረች፣ እዚያው ምክር ቤት የተማራት። ወረቀቱን አጣጠፈው።

«ማዋለጃ ክፍሉን ይዘጋል» አለ። «ያስዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ እንዳለ ዘረገፈው። ልማዱን ነገራቸው፤ አንድ ቃል ቢናገር ይድን እንደነበር። ኮቱ ጋ ሲደርስ ፀጉር ቆራጩ ፈገግ አለ። ክሩን በጥርሱ መያዙን ሲናገር አዳራሹ ሳቀ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ ይመለሳል ብለው። እሱ አልሳቀም። ሳቁ ከኋላ ወንበር እየሞተ እየሞተ ወደ ፊት መጣ፤ በመጨረሻ ፀጉር ቆራጩ ብቻ ቀረ፣ እሱም አፉን በእጁ ያዘ። በሦስተኛው ረድፍ ትይዩ የቆመች እርጉዝ ሴት፣ ጠባቧ ወንበር አላስቀምጣት ብላ ግድግዳ የተደገፈች፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ጋሼ?» አለችው በቀስታ።

«በሁለት ወር ውስጥ።»

በጣቷ ቆጠረች። ሆስፒታሉ ሁለት አውቶቡስ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሰዓት በሰዓት ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ከኋላ አንዱ ስድቡን ለቀቀው። ሌላው «ተው፣ ይናገር» አለ። ሌላዋ ማልቀስ ጀመረች። ልክ በልክ ስለ ስድስት መቶው ፊርማ ነገራቸው፣ ስለ ሠላሳ ቀኑም። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፤ መስኮቱ ተከፍቶ እንኳ። እህቱ ተነሳችና ፊቱ መጥታ ቆመች።

«ስንተኛው ቀን ነው ዛሬ?»

«ዘጠነኛው።»

«ማክሰኞ ጨርቁን ሳመጣልህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እታለም።»

«ሐሙስ ስትሰጠኝስ?»

«አውቅ ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ስለ ቁልፉ አልተቆጣችውም፤ እሱንማ ሰው ይዘነጋል። ዘጠኙ ቀን ነው ያነገበገባት። ፊቷን አዙራ ወደ በሩ ሄደች። የምትወጣ መስሎት ነበር። የፈራሚውን ወረቀት አንስታ፣ ገልብጣ፣ በባዶው በኩል አስቀመጠችው።

«ሃያ አንድ ቀን አለን» አለች ለሰው። «እዚህ ያለው አሁን ይፈርም። የቀረውን ከቤት ቤት ዞሮ የሚሰበስበው እሱ ነው። ማንም ግን መጀመሪያ ከራሱ አፍ ሳይሰማ እንዳይፈርም። ኮቱንም፣ ክሩንም፣ ዘጠኙን ቀንም።»

አዳራሹ ውስጥ መቶ ሠላሳ አራት ሰው ፈረመ። እሷ እንደፈረመች ወጣች።

ከሰኞ ጀምሮ ዞረ። ሱቁን ዘግቶ፣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ። በየበሩ ማንኳኳት፣ «አንዴ ስሙኝማ» ማለት፣ ከኮቱ መጀመር። አንዱ ሹፌር ሳይጨርስ «ለሱ ሆዳም ቁልፍ ብለህ ነው?» ብሎ አላገጠበት፤ ፈረመለት ግን። የእርጉዟ ባል በሩን ዘጋበት፤ እሱ መንገድ ሊሻገር ሲል ሰውየው ከፈተ፣ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቆ ፈረመ፣ መልሶ ዘጋ። የዳኛው ሚስት እስከ መጨረሻው አዳምጣ «እኔንስ አንዴም አልዋሸኸኝም ነበር» አለች፤ ያቺ ከስድቡ ሁሉ ባሰችው።

ፀጉር ቆራጩ ደግሞ በበኩሉ ሥራ አልፈታም። ነገሩን ሁሉ ቀድቶት፣ አፈ ጉባኤውን በወፍራም፣ ልክ በልክን በቀጭን ድምፅ፣ ክሩን በጥርስ መያዝ ሳይቀር፣ ለደንበኛ ያሳያል። በሁለተኛው ሳምንት በየቤቱ «ሰምተናል እኮ፣ ከፀጉር ቆራጩ» ይሉት ጀመር። አንዳንዱ እንዲያውም «ያንተ አይመስጥም፣ እሱ ጋ አፈ ጉባኤው ያስላል» ይለዋል። «ግድ የላችሁም፣ ከኔም ስሙ» ይላል። ማሳጠርም ሞክሮ ነበር፤ ድካም ነው። አንድ ቀን ዘጠኙን ቀን ዝም ብሎ አለፋቸውና አንዲት ሴትዮ ልትፈርም ብዕሩን አነሳች። ወረቀቱን መልሶ ወሰደባት። «ይቅርታ፣ እትዬ፣ አንድ ነገር አስቀርቼ ነው» ብሎ መጋረጃውን ነገራት።

ጉባኤው በተዘጋ በሃያ ስድስተኛው ቀን ፊርማው ስድስት መቶ አሥራ አራት ሞላ። ራሱ በአውቶቡስ ይዞት ሄዶ ለጸሐፊዋ አስረከበ። ቆጠረች፣ ማህተም መታች። «እስከሚቀጥለው ጉባኤ ይቆያል» የሚል ደብዳቤ ሰጠችው። ከአውቶቡስ እንደወረደ በሩጫ ማለት ይቻላል ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። እህቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። አጣጥፋ ካባዋ ኪስ ከተተችው።

«ደህና» አለች። ሌላ ነገር የምትጨምር መስሎት ጠበቀ። «ምጥ ላይ ያለች አለችኝ» ብላ ገባች። ሰላም ትለዋለች፤ ልጆቹንም ትጠይቀዋለች። ግንባሩን ግን አልነካችውም፤ እሱም ይህን ያውቃል፣ ጊዜ ይፈልጋል ብሎ ለሚስቱ ነግሯታል። ሚስቱም «ይፈልጋል» አለች።

በማግሥቱ ሱቁን ይከፍታል ተብሎ ሲጠበቅ አልከፈተም። ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ ያሉ አርባ ምናምን ቤቶች ቀርተውት ነበር፤ ፊርማው ስለሞላ ያልደረሰባቸው። ወደዚያ ሄደ። የመጀመሪያው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ወጡ፣ መወልወያ ይዘው።

«ደህና አደሩ፣ አባባ። የምክር ቤቱ ተወካይ ነኝ፣ ስለ ማዋለጃው ክፍል ነው።»

«ሰምቻለሁ። ወዲህ በል፣ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

«ፊርማው ሞልቷል፣ ገብቷል። የሚፈረም የለም።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ታዲያ ምን ልሁን ብለህ መጣህ?»

«ያጠፋሁትን ልነግርዎት ነው።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከበሩ ዘወር አሉለት፤ ወለሉ እርጥብ ስለሆነ በጠርዝ በጠርዝ እየረገጠ እንዲገባ ነገሩት።